የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወትና ኢትዮጵያ ለወራሪ ረዳቶች የሰጠችው መልስ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጥቂት ለመጻፍ ወደናል። ብዙ ሰው በደራሲነታቸው ያውቃቸዋል። እኛ ግን ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የፈጸሙትን አገልግሎት ለማስታወስ እንሞክራለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው በጽሕፈት ሥራ መንግሥትን ማገልገል ጀመሩ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ወደ ሎንዶን ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጐበኙ አብረው ነበሩ። ያዩትንም በመጽሐፍ እየጻፉ ለወገናቸው ያካፍሉ ነበር።

በዚያው በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ሁለት ዓመት እንዳለፈ እንግሊዝና ኢጣሊያ ያለ ፈቃዳችን ተስማሙ። እንግሊዝ በጣና ግድብ እንድትሠራ፣ ኢጣሊያም ኤርትራንና ሶማሊያን በአገራችን ላይ በሚያልፍ የባቡር ሐዲድ እንድታገናኝ ሊረዳዱ ነበር። አልጋ ወራሹ ሰኔ 12 ቀን 1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ አቤት አሉ፤ ሁለቱም መንግሥታት ነጻነታችሁን ለመንካት አላሰብንም ብለው ለማስተባበል ተገደዱ። ደካማ መንግሥት በደሉን በዓለም ፊት ቢገልጽ ኃያላንን ሊያሳፍር እንደሚችል ከዚህ ታወቀ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐበኙ፤ ሥልጣኔዋንም አድንቀው ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ኢጣሊያ በወልወል ጠብ አነሣች። በወሩ፣ እኛ የልደትን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ የፈረንሳዩ ላቫል ሮማ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ተዋዋለ። በኋላም እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣሊያ ራሷ መሣሪያ ስለምትሠራ የተጐዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የንግድ ቅጣት ቢወስንም ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፤ የስዌዝ ካናልም አልተዘጋባትም።

መንግሥታችን ምን ያድርግ? የባሕር መውጫችን ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ነበረ፤ ሱዳንና ኬንያም በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር ሳይቋረጥ የፈረሙትን ቃል ኪዳን እያስታወሰ አቤቱታውን መላክ መረጠ። ወደ ጄኔቭ ከተላኩት ቴሌግራሞች ብዙዎቹ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ስም የተፈረሙ ናቸው።

ከተማችን ደሴም የዚህ ታሪክ ምስክር ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈራቸውን ወደዚህ ባዛወሩ ጊዜ፣ ወልወል በተነካ ልክ በዓመቱ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በዚያው ሰሞን እንግሊዛዊው ሆርና ላቫል፣ ኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለኢጣሊያ ለቅቃ በምትኩ ወደ አሰብ መውጫ እንድታገኝ አሳብ አቀረቡ። መንግሥታችን ግን ነገሩ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት በግልጽ ይታይ ብሎ ጠየቀ፤ አሳቡንም አልቀበልም አለ። የእንግሊዝ ሕዝብ ስለ ተቈጣ ሆር ከሥልጣኑ ወረደ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይም ተከተሉ። በ1929 ዓ.ም. ሁለት ልጆቻቸው በጠላት እጅ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ያደነቋት ጃፓን የኢጣሊያን ወረራ በሕግ አወቀች። እሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ በተባለች ከተማ ዐረፉ። ሁለት ወር ሳይሞላ እንግሊዝም እንደ ጃፓን አደረገች።

እንግዲህ ያ ሁሉ አቤቱታ ምን ጠቀመ የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ከንቱ አልነበረም እንላለን። ሜክሲኮን የመሰሉ ጥቂት አገሮች ወረራውን ሳይቀበሉ ቀርተዋል፤ በአዲስ አበባ በስሟ የተሰየመው አደባባይ ለዚህ መታሰቢያ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስም ኢትዮጵያ አገሯን አሳልፋ የሰጠችበት አንድም የፈረመችው ወረቀት አልተገኘም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያን ቀን ለማየት አልታደሉም።

እኛም የደሴ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋና ታሪክ ስንማር፣ እውነትን አጥርቶ መጻፍ አገርን ማገልገል መሆኑን ከእሳቸው ሕይወት እንማር።