ቱምቢን የተጠራጠሩት ሊቅ፦ አንቷን ዳባዲ ከጊቤ ምንጭ እስከ መሬት ስበት ጥናት

ቤት የሚሠራ ግንበኛ ሁሉ በቱምቢው ይተማመናል። ከክር ጫፍ የተንጠለጠለው ክብደት ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን ይመሰክራል፤ መስመሩ ይዛባል ብሎ የሚጠራጠር የለም። ከ150 ዓመታት በፊት ግን ይህን የታመነ መስመር ለዓመታት የመረመሩ አንድ ሊቅ ነበሩ። እኚህ ሰው አንቷን ዳባዲ ይባላሉ። የልኬት ሙያቸው የተፈተነውም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነው።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ከተማ ከባስክ ተወላጅ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው ሳይንስ ተማሩ። በ1836 ኮምፓስ የሚመራበትን የመሬት ማግኔታዊ ኃይል ለማጥናት ወደ ብራዚል ተላኩ። በ1838 ደግሞ ከታናሽ ወንድማቸው ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በአገሪቱም አሥር ዓመት ያህል ቆዩ።

በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ካርታ በአብዛኛው በወሬና በግምት የተሞላ ነበር። ዳባዲ ግምቱን በልኬት ለመተካት ተነሡ። ከተራራ ወደ ተራራ እየወጡ ቴዎዶላይት በተባለ መሣሪያ በከፍታዎች መካከል ያለውን ማዕዘን ለኩ፤ በሌሊት ከከዋክብት የቦታውን አቀማመጥ አሰሉ። ከፍታን ለማወቅ ደግሞ ውሃ አፍልተው ሙቀቱን በቴርሞሜትር ያነቡ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና፣ በየ300 ሜትሩ አቀበት የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በመቱ ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጉዟቸው ትልቁ ዓላማ የነጭ ዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር። በ1843 ከዛሬው ኢሉባቦር በስተምሥራቅ ወደሚገኘው ሊሙ እናርያ ደረሱ። በወቅቱ ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ንጉሥ አባ ባጊቦ ተቀበሏቸው፤ ከንጉሡ መልእክተኞች ጋርም እስከ ከፋ ዘለቁ። በ1846 ሁለቱ ወንድማማቾች በጊቤ ወንዝ ምንጭ ቆመው የሚፈልጉትን እንዳገኙ አመኑ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ግን ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ክርክሩም በአውሮፓ የሊቃውንት ማኅበራት ዘንድ ለዓመታት ቀጠለ።

ዳባዲ በዚህ ነገር ተሳስተው ነበር። ጊቤ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ወደ ደቡብ ወርዶ በቱርካና ሐይቅ ይቀራል። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ነጭ ዓባይ የሚደርሰው ውሃ እርሳቸው ከቆሙበት በስተምዕራብ ይፈስ ነበር። በመቱ አካባቢ የሚወርደው ሶር ከገባ ጋር፣ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮም በሶባት በኩል ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ስሕተቱ ከመሣሪያዎቻቸው የመጣ አልነበረም። ማዕዘኑና ከፍታው በጥንቃቄ ተለክቷል፤ የወንዙን መድረሻ ግን እስከ ፍጻሜው አልተከተሉትም፤ ጎዶሎውን በእምነታቸው ሞሉት።

ወደ ፈረንሳይ ከተመለሱ በኋላ የኢትዮጵያን ልኬቶች ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት አሳተሙ። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። የሰበሰቧቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በሄንዳይ ከተማ አጠገብ ባሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳዎች ላይም የአማርኛ ጽሑፍ አስጻፉ።

የስበት ጥናታቸውን ያካሄዱት በዚህ ስፍራ ነው። ከመሬት በታች ከተቆፈረ ጉድጓድ ጀምሮ ወደ ላይ የሚዘልቅ፣ በጠቅላላው 10 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግንብ አቆሙ። ከሥሩ ሜርኩሪ የያዘ ገንዳ አኖሩ። ፈሳሽ ነገር ሁልጊዜ ለስበት አቅጣጫ ልክ ሆኖ ይተኛልና፣ የሜርኩሪው ገጽ እንደ መስተዋትም እንደ ውሃ ልክም ያገለግላል። ዳባዲ ከላይ ሆነው የቀጫጭን ክሮችን ነጸብራቅ በማጉያ መነጽር ይመለከቱ ነበር። የስበት መስመር ጥቂት እንኳ ቢያዘነብል ነጸብራቁ ከቦታው ይሸሻል።

ነጸብራቁ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የባሕሩ ውሃ በጨረቃ ስበት ሞልቶ ወደ ዳርቻው ሲጠጋ፣ በአብዛኞቹ ልኬቶች መስመሩ ወደ ባሕሩ ያዘነብል ነበር። የውሃው ግዝፈት ይስባል፤ ክብደቱም የባሕሩን ወለል ይጫናል። ሙቀትና የመሬት ንዝረትም ልኬቱን ያውኩ ስለነበር ሥራው ብዙ ዓመታት ጠየቀ። በመጨረሻ የተረዳው ነገር ግን ግልጽ ነበር፤ ቱምቢ የሚያሳየው መስመር ፈጽሞ የማይነቃነቅ አይደለም።

ዛሬ የስበት መለኪያ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሆኗል። በውስጡ በስስ ሞላ የተንጠለጠለ ክብደት አለ፤ ስበት ሲጨምር ሞላው በጥቂቱ ይሳባል። ከሥር ከባድ ማዕድን ሲኖር ስበቱ ከፍ ይላል፤ ባዶ ዋሻ ወይም ቀላል አለት ሲኖር ዝቅ ይላል። ባለሙያዎች በዚህ ዘዴ የከርሰ ምድር ውሃና ማዕድን ይፈልጋሉ። በስምጥ ሸለቆ የተደረጉ የስበት ልኬቶችም በዚያ ያለው የመሬት ቅርፊት መሳሳቱን ለማወቅ ረድተዋል።

ዳባዲ በ1892 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ። ቤተ መንግሥታቸውንም ከዋክብት እንዲመዘገቡበት ለዚሁ አካዳሚ አወረሱ። በ1896 ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ በመውረድ የወንዙን መድረሻ አረጋገጠ። ዳባዲ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1897፣ በ87 ዓመታቸው በፓሪስ አረፉ። የጊቤ እምነታቸው በሌሎች እግር ተሽሯል፤ በተራሮቹ ላይ የለኳቸው ማዕዘኖች ግን ከእርሳቸው በኋላ ለመጡ ካርታ ሠሪዎች መሠረት ሆነው ቀሩ።