ጆሮ ያስቀመጠውን ብዕር ያወጣዋል
(የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና ሥራ በአጭሩ)

ከአገራችን ውጭ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት የአማርኛ መጻሕፍት ካሉ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመካከላቸው አይጠፋም። ያላነበበው እንኳ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ዘመን አልፏል፤ ባላባቱና ጭሰኛው የተያያዙበት ሥርዓትም ፈርሷል። መጽሐፉ ግን ዛሬም ያስለቅሰናል። ይህ ኃይል ከየት መጣ? ከደራሲው ሕይወት ውስጥ እንፈልገው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን አባት ተወለዱ። ፊደል ከቆጠሩና ዳዊት ከደገሙ በኋላ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀሰሙ፤ ቅኔም ተማሩ። ከዚያም አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወር ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ለዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ቤት ደግሞ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ነበር። ከተወለዱበት ቀዬ ከወጡ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በመካከሉ ጦርነት፣ እስርና የባዕድ አገር ኑሮ አለ። ሆኖም መጽሐፉ የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው፤ በዛብህም የሚማረው እርሳቸው በተማሩበት በዲማ ነው። የቆሎ ተማሪውን ረሃብና የመንደሩን ሐሜት ከሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

በዘር በሚለያዩ ወጣቶች መካከል የሚደረግ ፍቅር በዓለም ሥነ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር እያንዳንዱ ሰው በራሱ አንደበት መናገሩ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ፣ የመንደሩ ካህን፣ ገበሬው፣ እውነት በመናገሩ እብድ የተባለው ጉዱ ካሳ፣ ሁሉም ስማቸው ባይጠቀስ እንኳ በንግግራቸው ይለያሉ። ደራሲው ከዚህ ልብ ወለድ በፊት በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ የተረት መጽሐፍ ማሳተማቸው ጆሯቸው ወዴት ያዘነበለ እንደነበር ያሳያል። በልብ ወለዱም ውስጥ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ከአናቱ ላይ በነጥብ አመልክተዋል፤ አንባቢ ቃሉን በትክክል እንዲሰማው ፈልገዋልና።

ሁለተኛው ምስጢር ሐዘኑ የሚመጣበት መንገድ ነው። በዛብህን ከትዳር የሚከለክለው የጠላት ሤራ አይደለም፤ ወላጆቹ ከመውደዳቸው ብዛት የተሳሉት ስለት ነው። ሰብለንም የሚያጥራት የአባቷ የዘር ኩራት ነው። አንባቢ በፊታውራሪ ይስቃል፤ ቆይቶ ግን ያ የሚያስቅ ኩራት ሰው እንደሚገድል ያያል። ሁለቱ የሚገናኙት በዛብህ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ያለቀሰ አንባቢ እንባውን ጠርጎ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ከሁለቱ ወጣቶች አልፎ ሥርዓቱን ይነካል። የቅኔ ተማሪው ሰምና ወርቅ እዚህ ላይ ነው። ይህን የጻፉት የዚያው መንግሥት ባለሥልጣን መሆናቸውን፣ አብዮቱም የፈነዳው ከ8 ዓመት በኋላ መሆኑን ስናስብ ድፍረታቸው ይገባናል።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ከሕይወታቸው እኛ ስደተኞች የምንወስደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው፣ ርቀት ቋንቋን እንደማያጠፋ ነው። ሁለተኛው ግን ያሳስበናል፤ እርሳቸው ከአገር ሲወጡ ቋንቋው በልጅነታቸው ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ አድሮ ነበር። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ጆሮ ውስጥ ምን እያስቀመጥን ነው? ነገ ከመካከላቸው የእኛን የስደት ኑሮ የሚጽፍ ቢነሣ፣ የሚጽፈው በቤታችን ሲነገር የሰማውን ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ዘግተን፣ ከዚህ መጽሐፍ ሁለት ገጽ እንኳ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብላቸው።