ልዕልት ፀሐይ እና የአስታማሚነት ሙያ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ልብስ ተራ፣ ለነርስነት ትምህርት ነጭ ጋዋን የሚገዛ ወጣት ዛሬ ለማንም እንግዳ አይደለም። ወላጅም ልጁ ተምሮና የብቃት ፈተናውን አልፎ ፈቃድ ሲይዝ ደስ ይለዋል። ቀድሞ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ቁስል ማጠብና የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍ የገረድና የሎሌ ሥራ ተብሎ ይናቅ በነበረበት ዘመን፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ይህንኑ ሥራ የመረጡ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን በወረረች ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ ከእናታቸው ከእቴጌ መነን ጋራ ሆነው ለቁስለኛ ፋሻ፣ ለወታደር የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል በሚያዘጋጀው የሴቶች ማኅበር ውስጥ ይሠሩ ነበር።

በስደት እንግሊዝ አገር ከገቡ በኋላ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ተማሪ አስታማሚ ሆኑ። በዚያ ዘመን ተማሪ አስታማሚ ሙያውን የምትቀስመው ከመጽሐፍ ይልቅ ከአልጋው አጠገብ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። ሕፃን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ ተራዋ ሲደርስ ሌሊቱን ቆማ ታድራለች። በቤታቸው አገልጋይ ላልጠፋ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት አስታማሚነት ተመዘገቡ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ እርሳቸውም የአዋቂዎችን ሕመም አስተማመም ለመማር ወደ ጋይስ ሐኪም ቤት ተሻገሩ።

ልዕልቲቱ በለንደን ሲማሩ፣ በአዲስ አበባ ወራሪው ጥቁርና ነጭን ለመለየት ሲል ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው። የዛሬው መርካቶ የበቀለው ከዚያ ነው።

ሀገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ልዕልት ፀሐይ ተመልሰው በደሴ ሐኪም ቤት አገለገሉ። በዚያን ጊዜ ሙሉ ትምህርት ያለው ኢትዮጵያዊ አስታማሚ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የሐኪም ቤቱን ሸክም የሚችሉት አጭር ሥልጠና የወሰዱ ድሬሰሮች ነበሩ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በነቀምት ዐረፉ። ስንቱን የሰው ልጅ አስታመው፣ ራሳቸው በወጣትነታቸው መቀጨታቸው ያሳዝናል። ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል።

እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተሠራ፤ የአስታማሚዎች ትምህርት ቤትም ተከፈተበት፤ ከዚያ የተመረቁትም በየአውራጃው ተሠማሩ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ ከመርካቶ የሚነሣ የታክሲ ረዳት የሚጣራው በዚሁ በኋለኛው ስም ነው።