የሊቃውንት አምድ፦ ኤንሪኮ ፌርሚ (1901–1954)

ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። የጠረገው ፋሽስት ኢጣልያ ነው፤ የወልቅፊት ምሽጉም በ1941 እጁን ሰጠ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የምናነሳውን ሊቅ ከገዛ አገሩ ያስወጣውም ያው መንግሥት ነው።

ፌርሚ ሮማ ተወለደ። በ1926፣ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ አይችሉም ከሚለው የፓውሊ ሕግ ተነሥቶ ስመ ጥር ስሌቱን አወጣ። በአንድ ወንበር ሁለት ተማሪ አይቀመጥም እንደ ማለት ነው። በነጭ ድንክ ከዋክብት ውስጥ ያለው እጅግ የታመቀ ፕላዝማ ከዚህ በላይ አልጨመቅም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰውየው እንከን የለውም አንልም፤ የፋሽስት ፓርቲ አባል ነበር፤ በኋላም አቶም ቦምብን ከሠሩት አንዱ ሆነ። በ1938 የዘር ሕጉ አይሁዳዊት ሚስቱን ላውራን ሲነካ ግን፣ የኖቤል ሽልማቱን ሊቀበል ስቶክሆልም እንደ ሄደ ከነቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

በ1953 ከፓስታና ከኡላም ጋር በሎስ አላሞስ ኮምፒዩተር በረድፍ የተያያዙ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ አሰላ፤ ፕሮግራሙን የጻፈችው ሜሪ ሲንጉ ናት። ጉልበቱ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል ብለው ሲጠብቁ፣ ተመልሶ ወደ መነሻው ተጠጋ። ኮምፒዩተር እንደ ቤተ ሙከራ ማገልገል የጀመረው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ምን ያደርጋል፣ ፌርሚ ሪፖርቱ ሳይወጣ በ53 ዓመቱ ሞተ።

የታመቀ ፕላዝማን በኮምፒዩተር የሚያሰሉ ሰዎች ዛሬም ከፌርሚ ስሌት ጋር ይታገላሉ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹ እየተጣፉ ውጤቱን ያደበዝዙባቸዋል።

እጩ መምህራን ሆይ! ተማሪያችን ያልጠበቅነውን ውጤት ሲያመጣ፣ ከመሰረዛችን በፊት እንመርምረው።