ቦንጋን የለካው ሰው፦ የአንቷን ዳባዲ ሕይወት

ውድ አንባቢ፣ ወደ ቦንጋ ሄደው ያውቃሉ? ከጅማ ተነሥተው የጎጀብን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ወደ ከፋ ደጋ ይወጣል። ግራና ቀኙ ደን ነው። መንገድ ሠሪዎች በቆረጡት ተዳፋት ላይ ግን ቀይ አፈር፣ ከሥሩም ጥቁር ድንጋይ ይታያል። ድንጋዩ ባዛልት ይባላል፤ ቀልጦ ከምድር ሆድ ወጥቶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። ቀዩ አፈር ደግሞ ያው ድንጋይ በብዙ ዘመን ዝናብና ሙቀት ፈርሶ የሆነው ነው። የከፋ ቡና የሚበቅለው በዚህ አፈር ላይ ነው።

ሥነ ምድር ወይም ጂኦሎጂ የምንለው ትምህርት የሚያጠናው ይህንን ነው። ድንጋይ ከምን እንደተሠራ፣ የትኛው ንብርብር በየትኛው ላይ እንዳረፈ፣ ተራራ እንዴት እንደተነሣ፣ ወንዝ ለምን ወደዚህ እንጂ ወደዚያ እንዳልፈሰሰ ይመረምራል። ዝናብ የጠገበ ተዳፋት ለምን እንደሚናድም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀጠፈውን የመሬት ናዳ ስናስብ ይህ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ነገር ግን ድንጋዩን ከመመርመር በፊት ቦታው የት ነው? ከፍታው ስንት ነው? የሚሉት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ለከፋ እነዚህን ጥያቄዎች በመሣሪያ ለመመለስ ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዱ አንቷን ዳባዲ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልዱና ጉዞው

አንቷን በጥር 1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ የፈረንሳይ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። ያደገው በፈረንሳይ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ጽኑ የካቶሊክ አማኝ ነበር። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ጎንደር ከደረሰ በኋላ የተሻለ መሣሪያ ለማምጣት ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በ1840 እንደገና መጣ፤ እስከ 1848ም ቆየ።

አሠራሩን ልንገርዎ። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ በቴዎዶላይት የሚታዩትን ተራሮች አንድ በአንድ ያነጣጥርና ማዕዘናቸውን ይጽፋል። ወደ ሌላው ተራራ ሲሻገር የቀድሞውን መልሶ ያያል። እንዲህ እያደረገ አገሩን በሦስት ማዕዘኖች ያያይዛል። ከፍታን የሚለካው ደግሞ ውኃ በማፍላት ነበር። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግን ቀድሞ ይፈላል። በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በቦንጋ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው።

ከሠርገኞች ጋር ወደ ከፋ

በዚያ ዘመን ከፋ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር፤ ድንበሩ በጥልቅ ቦይና በበር ጠባቂዎች የታጠረ በመሆኑ እንግዳ እንደ ልቡ አይገባም። በ1843 ግን የሊሙ ኢናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ሊያመጣ መልእክተኞች ላከ። አንቷንም ከእነርሱ ጋር ጎጀብን ተሻግሮ ቦንጋ ገባ። የቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ መሣሪያው ግን ከእጁ አልተለየም።

ክሱ

አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከባድ ፈተና ገጠመው። እርሱም ኢትዮጵያን ያየ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1850 አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጽሑፉ አንቷን ከፋ መግባቱን የሚጠራጠር፣ ታማኝነቱን የሚነካ ነበር። እስቲ ያስቡት፤ በአውሮፓ አየሁት ብሎ የሚመሰክርለት ማን አለ? ሙሽራዋ? በር ጠባቂዎቹ? ለአንቷን የቀረለት ማስረጃ ማስታወሻው ነበር። ከ1860 እስከ 1873 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያን ልኬት ከነካርታዎቹ አሳተመ፤ ማንም ሄዶ እንዲያረጋግጠው አደባባይ አወጣው። በኋላ የሄዱ ተጓዦችም ያየሁት ያለውን ነገር የሚታመን ሆኖ አገኙት።

የለካውና የገመተው

ይሁን እንጂ ቢክ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንቷንና አርኖ በጥር 1846 የግቤ ምንጭ ላይ ደርሰው የነጭ ዓባይን ራስ አገኘን ብለው ነበር። ይህ አልነበረም። ግቤ ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞም መውጫ ወደሌለው ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የጣሊያናዊው የቦቴጎ ጉዞ ይህንን በ1896 ሲያረጋግጥ አንቷን የ86 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

የሚገርመው ግን ከእውነቱ ብዙ አለመራቁ ነው። ከዚያው ደቡብ ምዕራብ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው የባሮ ውኃ በሶባት በኩል በእርግጥ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። አንድ ዝናብ በአንዱ ደጋ ላይ ይዘንባል፤ በጀርባው በኩል የወረደው ሜዲትራኒያን ሲደርስ፣ በፊቱ የወረደው በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ይህንን የሚወስነው የምድሩ አቀማመጥ ነው፤ የተመራማሪው ምኞት አይለውጠውም።

የመጨረሻ ዘመኑ

አንቷን በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በስፔን ድንበር አቅራቢያ በሄንዳይ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ሠርቶ በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሠራ። በዚያው ቤት ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ በባዜቃ መስተዋት የምድርን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ይከታተል ነበር። በመጋቢት 1897 ሲያርፍ ቤቱን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሰ። በዚያው ዓመት የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በምኒልክ ጦር ተማረኩ፤ አንቷን ያየው የከፋ መንግሥትም አበቃ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ሰው የለካው ጸንቶለታል፤ የገመተው ግን ወድቋል። ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ ናቸው። እኛ ስለ ምስክርነት አዘውትረን የምንናገር ሰዎች ከእርሱ የምንማረው አለ። ያየነውን እንዳየነው፣ የመሰለንን ደግሞ መሰለን ብለን እንናገር። በቦንጋ ተማሪ ልጅ ካለዎትም ያንን የተቆረጠ ተዳፋት ሲያልፉ ቆም ብለው ያሳዩት። ቀዩ አፈር ከየት እንደመጣ ይጠይቀው፤ ሥነ ምድር የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።