ኤች. ጂ. ዌልስ፤ የትንንሾቹ ወታደሮች አዛዥ

ኤች. ጂ. ዌልስን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከማርስ ስለ መጡ ወራሪዎች በጻፈው ልብ ወለድ ነው። ይህ ደራሲ ግን የጦር ጨዋታ ደንብ አውጪም ነበረ፤ ዛሬ ልናወሳ የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ዌልስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1866 በእንግሊዝ አገር፥ ብሮምሊ ላይ፥ ከአንድ ድኃ ባለሱቅ ተወለደ። በልጅነቱ በጨርቅ መደብር ሲለፋ ከቈየ በኋላ በ1884 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ገባና ከሥነ ሕይወት ሊቁ ከቶማስ ሃክስሊ ተማረ። በመጨረሻው ፈተና ወደቀ። ዲግሪውን ያገኘው በ1890 ነው፤ ይህ ከመካከላችን ለአንዳንዱ መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም።

በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። የጦር ሜዳው የቤት ወለል ወይም ሣር፥ ሠራዊቱም የአሻንጉሊት ወታደር ነው። ሁለቱ ወገኖች በየተራ ይንቀሳቀሳሉ፤ እግረኛ በአንድ ተራ 1 ጫማ፥ ፈረሰኛ 2 ጫማ ይሄዳል። በሞላ የሚተኩሰው መድፍ በ6 ኢንች ውስጥ 4 ሰዎች ከሌሉት አይተኩስም፥ ከቦታውም አይነቃነቅም።

በእኛ አስተያየት የጨዋታው ልብ መድፉ ሳይሆን ስለ መነጠል የተጻፈው ደንብ ነው። ሁለት ጭፍሮች እጅ ለእጅ ሲገናኙ ሰው ለሰው ይጫረሳሉ። ነገር ግን አንዱ ጭፍራ በአንድ ተራ ጉዞ ርቀት ውስጥ የራሱን ቍጥር ግማሽ ያህል ወገን ካላገኘ እንደ ተነጠለ ይቈጠራል፤ የሚበልጠው ጠላት ሲደርስበትም ከፊሉ ይማረካል። እንግዲህ ጀግና ነኝ ብሎ ብቻውን የጋለበ ፈረሰኛ ለጠላት የተላከ እጅ መንሻ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ በተጨመረው ከበድ ያለ ጨዋታ ደግሞ ለሠራዊቱ ስንቅ፥ ጥይትና መኖ ማቅረብ ግዴታ ነው።

ዌልስ ይህን ያወጣው ጦርነትን ለማወደስ አልነበረም። ጥቂት ጊዜ የተጫወተ ሰው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል የስሕተት ክምር እንደሚሆን ይገባዋል የሚል እምነት ነበረው። በዓመቱ የአውሮፓ ጦርነት ተነሣ፤ እሱም ጦርነትን የሚያስቀር ጦርነት ነው ሲል ደገፈው። በ1914 መጨረሻ የምዕራቡ ግንባር ምሽግ ከሰሜን ባሕር እስከ ስዊስ ወሰን ተዘረጋ። ክንፍ የሌለውን ሠራዊት ማን ዞሮ ይከባል? የመነጠል ደንብ ወለሉ ላይ ቀረ።

የሚያስገርመው፥ ምሽግ የሚሻገር የብረት ተሽከርካሪ በ1903 በአንድ አጭር ልብ ወለዱ ጽፎ ነበር፤ እንግሊዞች ታንክን ሶም ላይ ያሰለፉት በ1916 ነው። ዌልስ ሁለተኛውንም የዓለም ጦርነት አይቶ፥ ሂሮሺማ በተመታች በዓመቱ፥ በ1946 ለንደን ላይ ሞተ።