ቻርልስ ዳርዊን፤ በሜዳ ያደገ፥ በሜዳም ያሳደገ

ልጅ ከቤት ወጥቶ በሜዳ ሲሮጥ፥ ድንጋይ ሲለቅምና ጥንዚዛ ሲያባርር ሲታይ፥ ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛም ተማሪዎች ከመጽሐፋችን ርቀን በወንዝ ዳር በዋልን ጊዜ ይህን ተግሣጽ ሰምተነዋል። ስለዚህ ይህንኑ ተግሣጽ በልጅነቱ የሰማውን፥ ኋላም አባት በሆነ ጊዜ ልጆቹን በሌላ መንገድ ያሳደገውን የቻርልስ ዳርዊንን ሕይወት ባጭሩ ለመጻፍ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዳርዊን በእንግሊዝ አገር፥ ሽሩዝበሪ በምትባል ከተማ በ1809 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ስመ ጥሩ ሐኪም ነበረ። እናቱ እርሱ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተችበት። ልጁ ብቻውን ረጅም መንገድ መሄድ፥ ዓሣ ማጥመድ፥ የወፍ እንቍላልና ልዩ ልዩ ድንጋይ መሰብሰብ ይወድ ነበር። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የላቲንና የግሪክ ቋንቋ ግን ልቡን አልሳበውም። ከታላቅ ወንድሙ ከኢራስመስ ጋራ በአትክልታቸው ቦታ ባለች ትንሽ ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ቢያደርግ፥ ዲሬክተሩ በማይረባ ነገር ጊዜውን ስለ ማጥፋቱ በሰው ፊት ገሠጸው። አባቱም ከአደን፥ ከውሻና ከአይጥ ማጥመድ በቀር ሌላ አሳብ እንደሌለው፥ ለራሱም ለቤተ ሰቡም ኀፍረት እንደሚሆን በቍጣ ነገረው። ይህ ነገር ዳርዊንን እጅግ አሳፈረው፤ እስከ ሽምግልናውም ድረስ አልረሳውም።

አባቱ ሐኪም ይሆን ዘንድ ወደ ኤዲንበርግ፥ ይህም ባይሆን ቄስ ይሆን ዘንድ ወደ ካምብሪጅ ላከው። በካምብሪጅ ከሁሉ ይልቅ የሚተጋው ጥንዚዛ ለመሰብሰብ ነበር። አንድ ቀን የዛፍ ቅርፊት ሲልጥ ሁለት ብርቅ ጥንዚዛዎች አግኝቶ በሁለት እጁ ያዘ። ወዲያው ሦስተኛ ብቅ ሲል፥ እንዳያመልጠው ብሎ አንዱን ወደ አፉ ከተተው። ጥንዚዛው ግን የሚያቃጥል ፈሳሽ ረጭቶ ምላሱን ስለ ለበለበው ተፋው፤ እርሱም ጠፋ፥ ሦስተኛውም አመለጠ። የዕፀዋት መምህሩ ሄንስሎ ግን ይህን ትጋት አልናቀውም። ቢግል በምትባል መርከብ ዓለምን እንዲዞር መንገድ የከፈተለት እርሱ ነው። ዳርዊን በ1831 ዓ.ም. ተነሥቶ በ1836 ዓ.ም. ተመለሰ።

በ1839 ዓ.ም. የአጎቱን ልጅ ኤማ ዌጅዉድን አገባ፤ በ1842 ዓ.ም. ከለንደን ወጥተው ዳውን በምትባል መንደር ተቀመጡ። ዐሥር ልጆች ወለዱ። ከግቢው ጫፍ በትንሽ ዱር ዙሪያ አሸዋ የለበሰ መንገድ ነበረ። ዳርዊን እያሰላሰለ ይህን መንገድ በየቀኑ ይዞር ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ለማወቅም የባልጩት ድንጋይ ከምሮ ባለፈ ቍጥር አንዱን በእግሩ ገፋ ያደርግ ነበር። ይኸው ቦታ የልጆቹ መጫወቻ ነበረ። እርሱም ሲያልፍ የሚሠሩትን ማየት፥ በጨዋታቸውም መደሰት ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ የአራት ዓመት ገደማ የሆነ ልጁ፥ አባቱ ሥራውን ትቶ አብሮት እንዲጫወት ስድስት ፔንስ ሊከፍለው አሰበ።

በ1854 ዓ.ም. ከልጆቹ አንዱ ትልልቅ የዱር ንቦች በአንድ ዛፍ ሥር ወዳለ ቀዳዳ ሲገቡ አየ። ዳርዊን የልጅ ነገር ነው ብሎ አላለፈውም። ንቦቹ እየበረሩ በተወሰኑ ስፍራዎች ጥቂት እንደሚቈዩ ተመለከተ። መንገዳቸውን ለማወቅም አምስት ስድስት ልጆቹን በየስፍራው አቆማቸው፤ ንብ ሲደርስ ልጁ ይጮኻል፥ የሚቀጥለውም ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ሩጫና ጩኸት የንቦቹ ጐዳና ታወቀ።

ይህ ቤት ግን ኀዘን ያልደረሰበት አልነበረም። ከልጆቹ ሦስቱ ሳያድጉ ሞቱ። ከእነርሱ አንዷ አኒ በ1851 ዓ.ም. በዐሥር ዓመትዋ ሞተች። አባትዋ ከሞተች በኋላ ስለ እርስዋ ማስታወሻ ሲጽፍ፥ በአሸዋው መንገድ ላይ ከፊቱ ቀድማ እየተሽከረከረች ትሄድ እንደ ነበረ አስታወሰ። ለዚያ አባት ከልጁ የቀረለት ሀብት አብረው በውጭ ያሳለፉት ሰዓት ነበረ።

በ1859 ዓ.ም. ስለ ሕያዋን ዓይነቶች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ በዓለምም ትልቅ ክርክር አስነሣ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ስለ መሬት ትል ጻፈ። ለዚህ ሥራ በ1842 ዓ.ም. በሜዳ ላይ የጠመኔ ስባሪ አስበትኖ፥ ከ29 ዓመት በኋላ መሬቱ ቢቈፈር ጠመኔው ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ተገኘ፤ አፈሩን ከበላዩ ያለበሱት ትሎች ነበሩ። በዚህም ምርምር ያደጉት ልጆቹ ረዱት። ከእነርሱም ጆርጅ በሥነ ፈለክ፥ ፍራንሲስ በዕፀዋት ትምህርት፥ ሆሬስ በመሣሪያ ሥራ ታወቁ። ዳርዊን በ1882 ዓ.ም. ሞተ፤ በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው፥ ትምህርት ይቅርና ጨዋታ ይሁን የሚል አይደለም፤ ዳርዊን ብርቱ ሠራተኛ ነበረና። ነገር ግን አባቱ ኀፍረት ያለው የሜዳ ፍቅር የዕውቀቱ መነሻ ሆነ። ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው፥ ልጅ ከሜዳ ሲመለስ የቆሸሸ ልብሱን ከማየታቸው በፊት ምን አይቶ እንደ መጣ እንዲጠይቁት ነው። እኛም ስንጠየቅ የምንመልሰው እንዲኖረን ዓይናችንን ከፍተን እንሂድ።